ግልባጩን ተከተሉ፦ የአንድ ጣና ዳር ቦታ ምርመራ ያስተማረን

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያባከንናቸው ሰው ስንፈልግ ነው። ጣና ዳር ያለ አንድ ቦታ ለአንድ ተሿሚ የቅርብ ሰው ያለ ጨረታ እንደተላለፈ ጥቆማ ደርሶን ነበር፤ እኛም ውስጥ አዋቂ ፍለጋ ባሕር ዳር ውስጥ ከፔዳ እስከ ዓባይ ማዶ ቡና ስንጠጣ ከረምን። ያገኘነው ሁሉ የሚነግረን ያየውን ሳይሆን የሰማውን ነበር። ከሦስት ሰው የሰማነው ነገር እንኳ ሲጣራ ምንጩ አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን በመጨረሻ የፈታችው በአንድ ደብዳቤ ግርጌ የተጻፈች «ግልባጭ» የምትል ቃል ናት። የቦታውን፣ የመሥሪያ ቤቱንና የሰዎቹን ስም እዚህ አላነሣም። የምጽፈው መሰል ጉዳይ ለያዛችሁ ነው፤ በተለይ በጀትም ጠበቃም ለሌላችሁ።

ከሁሉ በፊት መሥራት የነበረብን አንድ ገጽ መጻፍ ነበር፦ ሕጉ ቢከበር ኖሮ ይህ ቦታ በምን መንገድ ይተላለፍ ነበር? በያዝነው ጉዳይ ላይ ይሠራ የነበረው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። በዚያ አዋጅ ቦታ በሊዝ ይተላለፍ የነበረው በጨረታ ወይም በምደባ (ያለ ጨረታ በውሳኔ በመስጠት) ነበር። እኛ «ያለ ጨረታ ተሰጠ» የሚለውን ረቂቃችን ላይ በትልቁ ርዕስ አድርገነው ነበር። ምደባ ግን በራሱ ሕጋዊ መንገድ ነው። መጠየቅ ያለበት ያ ቦታ ለዚያ አገልግሎት በምደባ ሊሰጥ ይችል ነበር ወይ፣ የሚመለከተው ካቢኔስ ወስኖበታል ወይ የሚለው ነው። ያንን ርዕስ ይዘን ብንወጣ በማግስቱ አንድ ቃለ ጉባኤ አውጥተው አፋችንን ያስይዙን ነበር።

ሁለቱ መንገዶች የሚተዉት የወረቀት ዱካ ለየቅል ነው። ጨረታ ከሆነ የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ የጨረታ ሰነድ ሽያጭ ደረሰኝ፣ የመክፈቻ ቃለ ጉባኤ፣ የተጫራቾች ዋጋ ዝርዝር፣ የአሸናፊ ማስታወቂያ፣ የሊዝ ውልና የቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝ ይኖራል። በዚያ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ አልነበረበትም። ምደባ ከሆነ የጠያቂው ማመልከቻ፣ የባለሙያ አስተያየት፣ የካቢኔ ውሳኔ፣ ከዚያ ውልና ክፍያ። ዝርዝሩን በግድግዳ ላይ ለጥፉና እጃችሁ በገባው ላይ ምልክት አድርጉ። ዘገባው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ምልክት ባላገኘው መስመር ላይ ነው።

የጋዜጣ ማስታወቂያ ፍለጋ አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም አትዝለሉት። በአማራ ክልል ያሉ መሥሪያ ቤቶች ጨረታቸውን በብዛት የሚያወጡት በበኩር ጋዜጣ ስለሆነ የቆዩ እትሞችን ቅጠል በቅጠል ገልጡ። «ማስታወቂያ አልወጣም» ለማለት ከውሳኔው በፊት ያለውን ቢያንስ የአንድ ዓመት እትም ማየት ያስፈልጋል፤ የጎደለ እትም ካለ የትኛው ቁጥር እንደጎደለ መዝግቡ። ሕጉን በተመለከተ ደግሞ የፌዴራሉን አዋጅ ብቻ አንብባችሁ አትቁሙ። የክልሉ ደንብ በዝክረ ሕግ (በክልሉ የሕግ ጋዜጣ) ይወጣል፤ መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለሙያው መሳቢያ ውስጥ በፎቶ ኮፒ ነው። ውሳኔው በተሰጠበት ቀን ይሠራ የነበረውን ያዙ፣ ዛሬ የሚሠራውን አይደለም።

ከዚያ ጥያቄ ወደ ማቅረብ ገባን፤ እዚህም ተሳሳትን። በቃል ጠየቅን። በቃል የተጠየቀ ነገር ለመካድ ይመቻል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። 30 ቀኑ የሚቆጠርላችሁ ግን መነሻ ቀን ሲኖረው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፣ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ለሕዝብ ግንኙነት ስጡ» ካለች እሺ በሉ፤ ማኅተሙን ግን መጀመሪያ።

«ስለ ቦታው ያለውን መረጃ ሁሉ ይሰጠን» ብሎ መጻፍ «ግልጽ አይደለም» የሚል መልስ መጋበዝ ነው። በአንድ ጥያቄ አንድ ሰነድ፣ ከተቻለ ከነቁጥሩና ከነቀኑ ጠይቁ። አምስት ሰነድ ከፈለጋችሁ አምስት ደብዳቤ ጻፉ፤ አንዱ ቢከለከል አራቱ አብረው አይታሰሩም። የሚመጡት መልሶች ይታወቃሉ። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ካሏችሁ የተጠናቀቀውን ክፍል ለይታችሁ እንደገና ጠይቁ። «ፋይሉ የለም» ካሏችሁ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ይህ ደብዳቤ አንዳንዴ ከፋይሉ ይበልጣል። ክልከላ ሲደርስባችሁ በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ለእንባ ጠባቂ ስትሄዱ ያቺ ማኅተም ያለባት ኮፒ ከሌለች የምታሳዩት ነገር የለም።

ወደ ግልባጩ እንምጣ። የእኛ አገር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ከታች ፊርማ፣ ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ምት) እና ማኅተም፣ ከግርጌ ደግሞ «ግልባጭ» ብሎ የተቀባዮች ዝርዝር አለው። አብዛኛው አንባቢ ዓይኑ እዚያ አይደርስም። አንድ የቦታ ማስተላለፊያ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው፣ ለገቢዎች፣ ለፕላን ክፍል፣ ለውስጥ ኦዲት በግልባጭ ሊሄድ ይችላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ፋይሉን «ቢያጣው» እንኳ በሌላ አራት መዝገብ ቤት ውስጥ ያው ወረቀት ከነገቢ ቁጥሩ ተቀምጧል። ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቅነው ዋናውን መሥሪያ ቤት ሳይሆን በግልባጩ ላይ ካሉት አንዱን ነበር። ያ መሥሪያ ቤት ለመደበቅ ምንም ምክንያት አልነበረውም፤ ሰነዱን ያገኘነው ሳንጨቃጨቅ ነው።

ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ሌላ ነገር ታየን። የደብዳቤው ቀንና የተቀባዩ የገቢ ማኅተም ቀን በወራት ይራራቃሉ። ደብዳቤ ከተማ ውስጥ ከቢሮ ቢሮ ለመሄድ ወር አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ወደ ቁጥሩ ሄድን። መሥሪያ ቤት የወጪ ደብዳቤ ቁጥር በተራ ይሰጣል። ከዚያው ክፍል በዚያው ሰሞን የወጡ ሌሎች ደብዳቤዎችን ሰብስቡ፦ ባለጉዳዮች ቤታቸው ያስቀመጡትን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈውን፣ ለማኅበራት የተጻፈውን። ይዘቱ ምንም ይሁን፣ የምትፈልጉት ቁጥሩንና ቀኑን ብቻ ነው። በቀን ተራ አሰልፏቸው። በሚያዝያ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ቁጥሩ በነሐሴዎቹ መሃል ከወደቀ ወይ የጽሑፍ ስሕተት ነው ወይ ቀኑ ወደ ኋላ ተስቧል። አንድ ሁለት ደብዳቤ አይበቃም፤ እኛ ከፊትም ከኋላም ከአሥር ያላነሰ ይዘን ነው ያመንነው። የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ፦ የሥራ ክፍሎች የየራሳቸው የቁጥር ተራ ሊኖራቸው ይችላል፤ ከቁጥሩ በፊት ያለው ምሕጻር ካልተመሳሰለ አታወዳድሩ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲብት ቁጥሩን ከአንድ የሚጀምር መሥሪያ ቤትም አለ።

ቲተሩንም ተመልከቱ። የፈረመው ሰው በዚያ ቀን በዚያ ወንበር ነበር? የመሥሪያ ቤቱ ስምስ በዚያ ቀን ያ ነበር? መዋቅር በየጊዜው ይለዋወጣል። በ2014 ዓ.ም. የፌዴራል አስፈጻሚ አካላት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 እንደገና ሲደራጁ የመሥሪያ ቤት ስሞች ተቀይረዋል፤ ክልሎችም እንደዚሁ ያደርጋሉ። በአሮጌ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ አዲሱን ስም ይዞ ከተገኘ ሌላ ምስክር አያሻም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ላይ ልቆይ፦ ካርታው። በይዞታ ካርታ ላይ የማዕዘን ነጥቦች ቁጥር አለ። ቁጥሩን እንዳለ ጎግል ኧርዝ ላይ ብናስገባው ቦታው ከውኃው ርቆ ከተማው ውስጥ ገባ። «ሐይቅ ዳር አይደለም» የሚለው የመሥሪያ ቤቱ መልስ እውነት መሰለን፤ ጉዳዩን ልንዘጋውም ምንም አልቀረንም። ችግሩ የመለኪያ ሥርዓቱ ነበር። የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ ሥርዓት ነው፤ ስልካችሁና ጎግል ኧርዝ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 ነው። በእኛ አካባቢ ሁለቱ ወደ 200 ሜትር ገደማ በሰሜን ደቡብ፣ ወደ 90 ሜትር ገደማ በምሥራቅ ምዕራብ ይለያያሉ። የአዲንዳንን ቁጥር ሳትቀይሩ ካስገባችሁት ቦታው ከእውነተኛው ስፍራ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ይታያል። ባሕር ዳር ደግሞ ያለችው በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ነው፤ ስለዚህ ውኃው አፍ ላይ ያለ ቦታ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ከተማው ገብቶ ቁጭ ይላል።

መፍትሔው ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር መቀየር ነው። የመነሻውን ሥርዓት ኮድ 20137 (አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን)፣ የመድረሻውን 32637 (ደብልዩጂኤስ 84፣ ያው ዞን) አድርጉ፤ የመቀየሪያ ቀመር ምረጡ ካላችሁ የኢትዮጵያውን ምረጡ። የትኛው ሥርዓት እንደሆነ ብዙውን ጊዜ በካርታው ጠርዝ ተጽፏል፤ አዳዲሶቹ በአዲሱ ሥርዓት ሊሆኑ ስለሚችሉ በግምት አትቀይሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በዚያው ካርታ ላይ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ የመንገድ መገናኛ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ማዕዘን፣ በትክክል ቦታው ላይ ማረፉን እዩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሐይቁ ራሱ ነው። ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም፤ በክረምቱ ማብቂያ፣ መስከረም አካባቢ ይሞላል፣ በሰኔ መግቢያ ይጎድላል። ከፍታውን የጨራጨራ ግድብም ይቆጣጠረዋል። ዳርቻው ዝርግ በሆነበት አንድ ሜትር ከፍታ ማለት በአግድም ብዙ እርምጃ ነው። የሰኔን ምስል ከጥቅምት ምስል ጋር አወዳድራችሁ «ሐይቁን ደፈኑት» ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ የተለያየ ዓመት ተመሳሳይ ወር ምስል አወዳድሩ። በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ለምትሠሩ፣ እንቦጭ ከሰማይ ሲታይ ሣር ያለበት መሬት ይመስላል። ደንገልም እንዲሁ። በእግር ሂዱ፣ ማዕዘኖቹን በስልክ ጂፒኤስ መዝግቡ፣ ታንኳ የሚቀዝፉትን ሰዎች በሙሌት ጊዜ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ጠይቋቸው። የስልክ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትር ሊስት ስለሚችል በድንበር ላይ ላለ ክርክር ቀያሽ አምጡ።

የሳተላይት ምስል ቀን በፈረንጆች ነው፣ ሰነዱ በእኛ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የሚከተለው የፈረንጆች ዓመት ፌብሩዋሪው 29 ቀን የሚይዝበት ከሆነ መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ነው፣ በ11 አይደለም። በአንድ ቀን መሳሳት ትንሽ ይመስላል፤ ውሳኔው ከግንባታው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ግን አንዳንዴ በዚያች ቀን ላይ ይንጠለጠላል።

ስም ማገናኘት ሌላ ራስ ምታት ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ሚስት ከባሏ፣ አማች ከአማቹ በስም አይገናኙም። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እስከ አያት ድረስ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። እስከ አያት ያለ ስም፣ የእናት ስም ካለ እሱንም ሳትይዙ ሰውን ከሰው አታገናኙ። ስትፈልጉም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየቀያየራችሁ ፈልጉ። ኩባንያ ከሆነ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሂዱ፤ ቁጥር ፊደል አይቀይርም። የባለአክሲዮኖች ስም የሚገኘው በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ማሻሻያዎቹን ሳታዩ ግን የዛሬ ባለቤት ማን እንደሆነ አትናገሩ።

ወደ ቦታው ለሚወስደው ኮብልስቶን መንገድ የከፈለው ማን እንደሆነ ማየትም ጠቅሞናል። ርዝመቱን ባለ 50 ሜትር በሆነ መለኪያ ለኩ፤ ስፋቱን በአምስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ከተከፈለበት ካሬ ሜትር ጋር አስተያዩት። የጠርዝ ድንጋዩና የውኃ መውረጃው ለብቻ ስለሚከፈሉ አትደባልቁ። እዚህ ላይ ልንዋረድ ነበር፦ የክፍያ ሰርተፊኬቶች የሚደመሩ አይደሉም። ቁጥር 3 የ1ንና የ2ን ሥራ ጠቅልሎ ይይዛልና ሦስቱን ከደመራችሁ የሌለ ሌብነት ታገኛላችሁ። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር እንደሆነም እዩ። ዕቃ ግዥ ከሆነ ደግሞ ከደረሰኙ ይልቅ ሞዴል 19ን ፈልጉ፤ ዕቃው ንብረት ክፍል በእርግጥ ገብቶ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ሦስት ፕሮፎርማዎች አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካላቸው አንድ እጅ እንደጻፋቸው ጠርጥሩ።

ምንጭን ስለመጠበቅ የምነግራችሁ ከስሕተት የተገኘ ነው። የሰነድ ፎቶ አታትሙ። ኃላፊው ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ «ለ... ይመራ» ብሎ የጻፈባት ደብዳቤ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደነበረች ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ወዲያው ትታወቃለች። የገቢ ማኅተሙም፣ የስቴፕለር ቀዳዳውም፣ የኮፒ ማሽኑ ጥቁር መስመርም ይናገራል። ቃሉን ገልብጣችሁ ጻፉ እንጂ ምስሉን አታውጡ። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት በውስጡ ሊይዝ ይችላል፤ በቴሌግራም «ፋይል» ተደርጎ ሲላክ መረጃው አብሮ ይሄዳል። የቴሌግራም ተራ ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ምስጢራዊ ንግግሩን ለብቻ መክፈት ወይም ሲግናልን መጠቀም ይሻላል። ለምንጫችሁ ስለ ወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ስትነግሩም አታሞኙት፦ ጥበቃው ለሚመለከተው አካል ስለጠቆመ ሰው ነው፣ ለጋዜጠኛ ስለነገረ አይደለም። እና ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ አታስቀምጡ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰነዳቸው ሁሉ ደመና ላይ የነበረ ሰዎች የራሳቸውን ሥራ ማየት አቃታቸው። ሁለት የተመሰጠሩ ፍላሾች፣ በሁለት ቤት።

የመልስ ዕድል የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፤ ለይስሙላ ግን አይደለም። ጥያቄዎቹን ቁጥር ሰጥታችሁ በጽሑፍ ላኩ፣ ሰባት የሥራ ቀን ስጡ፣ እንደ መጀመሪያው ገቢ አስደርጉ። የሰነዱን ኮፒ አታያይዙ፤ ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሳችሁ «ይህ ደብዳቤ ከእናንተ ወጥቷል ወይ?» ማለት ይበቃል። በጽሑፋችሁ «ሙስና» የሚለውን ቃል ቆጥቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ንጹሕ አድርጎ ይገምተዋል። እናንተ ማሳየት የምትችሉት «ቀኑ ወደ ኋላ የተሳበ ደብዳቤ»፣ «የካቢኔ ውሳኔ ያልተገኘለት ምደባ» ነው፤ ከዚያ ያለፈው የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። «ሲሾም ያልበላ» እያላችሁ መጀመርም ያምራችኋል፤ ተዉት። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከወንጀልነት ወጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆኗል። ይህ ማለት ግን ጋዜጠኛ በሌላ ክስ አይታሰርም ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም አይተናል፤ ዘገባው ከመውጣቱ በፊት ከተገኘ ጠበቃ ያንብበው፣ የቤተሰብ ስልክም አዘጋጁ።

ዘገባው ከወጣ ከወር በኋላ ያንኑ ፋይል በአዲስ ደብዳቤ እንደገና ጠይቁ። የመሬት ፋይል ቅጠሎች በእጅ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ የመጀመሪያውን ቅጂያችሁን ከነቅጠል ቁጥሩ ከያዛችሁ ለማነጻጸር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የእኛ ሁለተኛው ቅጂ ከፊተኛው በሁለት ቅጠል በልጦ መጣ። ሁለቱም ቅጠሎች ቀናቸው አሮጌ ነበር።